ከልኩ የበለጠ ጎማ

ጎሚስታው እንቢ ማለት የማያውቅ ሰው አልነበረም። ያለቀ ጎማ ለጥፍልኝ የሚል ባለታክሲ ቢመጣ፣ ከጎማው ብሎኖች ሁለቱን ብቻ እሰርልኝና ልሂድ የሚል ችኩል ሹፌር ቢለምነው፣ ፊቱን አዙሮ እጁን ይታጠባል። እንቢ የማይለው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለታላቅ ወንድሙ። አባታቸው ሲሞት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ወንድሙ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ የጎማ ቤቱንም የከፈተለት ይኸው ጋሼ የሚለው ወንድሙ ነው። ጋሼ ካለ፣ አለ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ አሮጌ ፒካፑን እስከ ደጃፉ አስጠግቶ ወረደ። ከኋላ አራት ጎማዎች ተጋድመዋል፤ ወፋፍራም፣ ጥርሳቸው የጣት አንጓ የሚውጥ።

«ባለፈው ክረምት ማጥ ውስጥ ተቀርቅሬ ስውል ያልሳቀብኝ የለም» አለ ጎማዎቹን በመዳፉ እየመታ። «አሁን ይሳቁ እስቲ!»

ጎሚስታው አንዱን አውርዶ ከነባሩ ጎማ አጠገብ አቆመው። በቁመት ግማሽ ስንዝር ይበልጠዋል፣ በጎን ደግሞ ሦስት ጣት ይሰፋል።

«ጋሼ፣ ለዚች መኪና ትልቅ ነው። የሚሸከሟት ሞላውም ባሌስትራውም እንደ ፋብሪካው ናቸው። ከፍ ሳትደረግ ይሄ ጎማ ቢገባባት...»

«ይገባል ወይስ አይገባም?»

«መግባቱንስ ይገባል።»

«እንግዲያው ምን ታንገራግራለህ? እሰር!»

አሰረ። ነባሮቹን ከቸርኬያቸው ፈልቅቆ አወጣ፣ አዲሶቹን ሳሙና ቀብቶ አስገባ፣ ነፋ። መኪናዋን ከክሪክ አውርዶ መሪውን ወደ ግራ ሲያጥፍ ጎማው የጭቃ መከላከያውን፣ የፓራፋንጎውን፣ የውስጥ ፕላስቲክ ፋቀው። «ቁረጠዋ!» አለ ጋሼ፤ በቢላዋ ቆረጠው። የብረቱንም ጠርዝ በመዶሻ አጠፈው። ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሮ አጎነበሰ። በቀኝ በኩል የፍሬን ዘይት የሚያልፍባት ቀጭን የጎማ ቱቦ ከአዲሱ ጎማ የምትርቀው ሁለት ጣት ያህል ነበር። ባዶ መኪናና የተጫነ መኪና ሁለት የተለያዩ ፍጥረቶች መሆናቸውን ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጭነት ሲበዛባት፣ ፍሬን ስትይዝ፣ አፍንጫዋ ወደ መሬት ሲደፋ፣ ያቺ ሁለት ጣት የት ትገባለች? ግን ዝም አይነቅዝም አለና ቀና ብሎ እጁን ጠረገ።

«ፊትህ ምነው ጠቆረ?» አለው ጋሼ። «ከፈራህ አብረኸን ና። ሲሚንቶ እናወርዳለን፣ አንተም ታግዛለህ፣ ፍርሃትህም ይለቅሃል።»

ወንድምየው ከቁልቁለቱ ማዶ፣ ወንዙ ዳር ቤት እያሠራ ነበር። ሃያ ከረጢት ሲሚንቶ ጫኑ። የጋሼ ሚስት፣ እሱ እትዬ የሚላት፣ የሠራተኞቹን ምሳ በዘንቢል ይዛ መጣችና ከበሩ ሥር ቆማ ሽቅብ አየች።

«መሰላል አምጡልኛ! ይሄ መኪና ነው ፎቅ?»

ሦስቱም ሳቁ። እሷ መሐል ገባች፣ ጎሚስታው በቀኝ በኩል በመስኮቱ ጥግ ተቀመጠ።

ሜዳው ላይ ደኅና ነበሩ። ጋሼ ከትንንሾቹ መኪኖች በላይ ከፍ ብሎ በመታየቱ እንደ ሙሽራ ይኩራራል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን መንገዱ በግራ ተራራውን፣ በቀኝ ገደሉን ይዞ መጠማዘዝ ያዘ። በመጀመሪያው ኩርባ ጎሚስታው ከእግሩ ሥር አንድ ድምፅ ሰማ። ሽርርር። መሪው ሲቃና ጠፋ።

«ጋሼ፣ ሰማህ?»

«ጠጠር ነው።»

በሁለተኛው ኩርባ ሽርርር አለ፤ በሦስተኛው ረዘም አለ። የተቃጠለ ጎማ ሽታ በመስኮት ገባ። እትዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

«አንድ ጊዜ አቁምና ልየው» አለ ጎሚስታው።

«በዚህ ቁልቁለት ተጭኜ የት ነው የማቆመው? ሥራህን አታምነውም እንዴ?»

ሥራውን አለማመኑን እንዴት አድርጎ ለወንድሙ ይንገረው? በየኩርባው ጆሮውን ወደ ታች ጥሎ፣ በዓይነ ሕሊናው ያችን ቀጭን ቱቦ ያያታል፤ ጎማው ሲልሳት፣ ሲገዘግዛት። ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ ምንም የለም፤ አየር ብቻ። ታች፣ በጣም ታች፣ ወንዙ እንደ ተጣለ ክር ይታያል። እትዬ ገልመጥ አድርጋ አየችው፤ ከፊቱ ያነበበችው ነገር ስለነበር ጨዋታዋን አቆመች።

ከአምስተኛው ኩርባ በኋላ ጋሼ ፍሬኑን ረገጠ። አሁንም ረገጠ። ጉልበቱ ሲዘረጋ ጎሚስታው አየው፤ እግሩ ምንም ሳይቋቋመው እስከ ወለሉ ወረደ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ጋሼ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። «አልይዝ አለኝ። አልይዝም እኮ አለኝ!»

መኪናዋ ሃያ ከረጢት ሲሚንቶ አዝላ መፍጠን ጀመረች። እትዬ «ወይኔ ልጆቼን» አለች፣ በቀስታ፣ ለራሷ እንደምትነግር። ጋሼ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ደርቆ ቀረ። ያ ሁሉ ኩራት፣ ያ ሁሉ ትእዛዝ ከላዩ ላይ ተገፎ፣ ዓይኑ ብቻ ፈጦ ወደፊት ያያል።

የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው ደረሰ። ሲደርስ ግን ጎሚስታው አንደበቱ ተፈታ።

«አንተ! ማርሽ ቀንስ!» ብሎ ጮኸ። ወንድሙን ያለ ጋሼ ሲጠራው በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር። «ወደ ሁለት! እትዬ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዢ፤ ቀስ እያልሽ ሳቢው፣ ቀስ!»

ሞተሩ አጓራ። መኪናዋ ትንሽ ያዝ አለች እንጂ አልቆመችም፤ የሚቀጥለው ኩርባ እየቀረበ ነበር።

«ወደ ተራራው ስጣት! በጎኗ አስጠጋት!»

«ከታች የሚወጣ መኪና ቢኖር...»

«ስጣት አልኩህ!»

ጋሼ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ። ግማሽ ድረስ ዞረና እንቢ አለ፤ ጎማው ከታጠፈው ብረት ጋር ተናክሶ ነበር። ጎሚስታው በእትዬ ላይ ተንጠራርቶ መሪውን ከወንድሙ ጋር ጎተተ። አንድ ነገር ተቀደደ፤ መሪው ዞረ። የፒካፗ ግራ ጎን ከድንጋዩ ጋር እየተፋጨ፣ መስታወት እየረገፈ፣ ሲሚንቶው እየፈነዳ፣ ነጭ አቧራ ውስጥ ገብተው የመንገዱ ዳር ቦይ ላይ ተሰንቅረው ቆሙ።

ከዚያ እትዬ ስትስል ተሰማች፤ በሕይወት መኖሯን ሲያውቅ ጎሚስታው አለቀሰ።

እሷ ግንባሯ ተተርትሮ ደም ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ጋሼ ጎኑን ይዞ መተንፈስ አቅቶታል፤ በኋላ ሐኪም ሦስት ጎድን መሰበሩን ነገረው። ጎሚስታው ግን ጭረት እንኳ አልነካውም፤ ይህም ከሁሉ የበለጠ ከበደው። በእትዬ ነጠላ ግንባሯን አሰረላት፤ ከዚያ ከመኪናዋ ፊት ገብቶ አጎነበሰ። ቱቦዋ በቢላዋ የተቆረጠች መስላ ተንጠልጥላለች፤ ቸርኬው ዘይት በዘይት ነው።

«ምኑ ነው?» አለ ጋሼ ከመንገዱ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ።

መዋሸት ይቻል ነበር። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ቱቦው በራሱ ጊዜ ፈነዳ ቢል ማን ይጠይቃል? ጎሚስታው ለመዋሸት አፉን ከፈተ። የወንድሙን በአቧራ የነጣ ፊት አየና መልሶ ዘጋው።

«ጎማው በልቶታል» አለ። «እኔ ያሰርኩት ጎማ። ቱቦዋ ቅርብ እንደሆነች አይቼ ነበር።»

ጋሼ ዓይኑን ወደ ጎማው አዞረ። «ትልቅ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬሃለሁ። ለደንበኛ እንደምናገረው ግን አልነገርኩህም። ለደንበኛ ቢሆን ቁልፉን አልሰጠውም ነበር።»

ወንድምየው ሊመልስ ሞከረና ጎኑ ወጋው። እጁን ዘርግቶ የታናሹን እጅጌ ያዘ፤ የሚያልፍ መኪና ደርሶ እስኪጭናቸው ድረስ አልለቀቀውም።

የእትዬ ግንባር ሰባት ቦታ ተሰፋ። ክሩ በሚወጣበት ቀን ጋሼ ገና አልጋ ላይ ስለነበር ወደ ሐኪም ቤት የወሰዳት ጎሚስታው ነው፤ በተዋሰው መኪና፣ በሜዳው መንገድ፣ ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ ጥሩምባ እየነፉበት።

«ኧረ ንዳ! በእግሬ ብሄድ እስካሁን ደርሼ ነበር» አለችው እየሳቀች።

እሱም ሳቀ። ነገር ግን ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር የሁለቱም ሳቅ ይቋረጥ ነበር፤ እትዬም የበሩን እጀታ ጨብጣ፣ ጣቶቿ እስኪነጡ ጨብጣ፣ ሐኪም ቤቱ ደጃፍ እስኪደርሱ አልለቀቀችም።