ጤዛው ያልደረቀበት ማሳ

ታናሽ እህት ያን ጠዋት ቁርሷን ቆማ በላች። ዛሬ ፍርድ ነው። እናቷ ማሳውን ለእሷና ለታላቅ ወንድሟ ከፍለው፣ «ሰብሉ ጤነኛ ለሆነው ገመዱን እሰጣለሁ» ብለዋል። የዘር መስመር መዘርጊያውን ገመድ የያዘ ደግሞ ከርሞ መላውን ማሳ እንዳሻው ይዘራል።

ታላቅ ወንድሟ አኩሪ አተሩን ባምናው አኩሪ አተር ገለባ ላይ አጠጋግቶ ዘርቷል። «ባዶ መሬት አረም ያበቅላል» ባይ ነው። እሷ አምና በቆሎ በነበረበት ግማሽ ላይ፣ ገለባውን አርሳ ቀብራ፣ ያንኑ አኩሪ አተር መስመሩን አራርቃ ዘራች። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀባት። የማያውቅ ሰው ሳቅ እንዴት ያንገበግባል!

አራት ሰዓት ላይ ሦስቱም ማሳው ዳር ቆሙ። የወንድሟ ሰብል ከላይ ሲያዩት አፈር የማያሳይ አረንጓዴ ምንጣፍ ነው።

«ምሁሯ፣ በመሃል የተውሽው መንገድ ለሠርገኛ ነው?» አለ ወንድሟ።

«ለንፋስ ነው፣ ጋሼ። ንፋስ ከገባ ቅጠሉ ይደርቃል። ፈንገስ እርጥብ ቅጠል ካላገኘ የት አባቱ ይበቅላል!»

«ንፋስ ሆድ አይሞላ!»

ወንድሟ ከሰብሉ ጫፍ ጫፍ እፍኝ ቅጠል ቀንጥሶ ለእናቱ ዘረጋ። አንድም የበሽታ ነጥብ የለበትም። እናት ገመዱን ከትከሻቸው አወረዱ።

«እማዬ፣ ቆዪ! በሽታው የሚነሳው ካምናው ገለባ ነው፤ ዝናብ እየረጨ ወደ ታችኛው ቅጠል ያወጣዋል። ጋሼ ጸጉሩን አይቶ እግሩ ጤነኛ ነው ይለናል!»

«ከስርም ላምጣልሽ!» ወንድሟ በቁጣ ሰብሉ ውስጥ ዘው አለ። እሷም ወደ ራሷ ግማሽ ሮጠች።

እሱ ከስር ያመጣውን ቅጠል ቡናማ ነጠብጣብ ወርሶታል። ከሷ አርባ ቅጠል ነጠብጣብ ያለበት ሦስቱ ብቻ ነው።

«ይሄማ እርጅና ነው» አለ እሱ ቀድሞ። «የታች ቅጠል ሁሉ ያረጃል።»

እናት ግን ቅጠሉን ትተው ሱሪውን ያያሉ። ከጉልበቱ በታች ውሃ ያንጠባጥባል። የልጅቷ ቀሚስ ደረቅ ነው።

«ዝናብ ካየን ሦስት ቀናችን። ፀሐይ እዚህ ደርሳ አንተ ከየት ረጠብክ፣ ልጄ?»

«ጤዛ ነው።»

«እሷ ጋ ጤዛ አልወረደም?»

ወንድም ሱሪውን ቁልቁል አየ። ከዚያ ራሱ ገመዱን ከእናቱ እጅ ወስዶ የእህቱ አንገት ላይ ጣለው።

«በይ ያዢ። መስመር ስታጣምሚ ግን አልለቅሽም!»

«ያንተ ግማሽ ከርሞ በቆሎ ነው!» እህት እየጮኸች የገመዱን ጫፍ አስጨበጠችውና፣ እርጥቡን ማሳ ከአሁኑ ልትለካ ሮጠች።