ደጅ የተኛችው አሻንጉሊት

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ቤት አያያዝ ግን የሚያስተምረኝ ገና አልተወለደም። ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ነው።

ልጄ በመኪና አደጋ ከሞተች ስምንት ወር ሆናት። የስድስት ዓመት ልጇ አብራት መኪናው ውስጥ ነበረች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። እኔም «እናትሽ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዳለች» አልኳት። ምን ልበል ታዲያ? ሁለት ሆነን እየኖርን፣ ቤት ውስጥ የምሰማው የራሴን ጫማ ኮቴ ብቻ ነው።

ሐኪም ቤቱ ወደ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ላከን። ሐሙስ ሐሙስ እንሄዳለን። መርፌ የላት፣ ኪኒን የላት፤ ያላት የእንጨት ቤትና አሻንጉሊት ነው።

«ለጨዋታማ ቤቴም አለሁላት» አልኳት።

«እማማ፣ በአፏ ያልወጣላትን በእጇ ታሳየን» አለችኝ። ልጅቷ የደረደረችውን እስከሚቀጥለው ሐሙስ ማንም አይነካም። ደንቡ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ቀድመን ደረስን። ልጅቷ ሽንት ቤት ስትገባ እኔ ወደ ክፍሉ ዘለቅሁ። በእንጨቱ ቤት ወንበሩ ተገልብጧል፤ እናትየዋ አሻንጉሊት ደጅ ተዘርራለች፤ አንዲት አሮጊት አሻንጉሊት ብቻዋን ጣሪያው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ማን እንደሆነች ጠፍቶኝ አይደለም። እጄ አላስችል አለኝና ወንበሩን አቃናሁ፤ እናትየዋንም አቧራዋን አራግፌ ማድ ቤት አቆምኳት።

ልጅቷ ገብታ አየቻት። ፊቷ በራ። ሮጣ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡትን ሴቶች አንድ በአንድ አየች። ከዚያ እኔን።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ በዚህ መሐል ደርሳ የሆነው ገባት። «እማማ፣ እናቷን እየፈለገች ነው።»

«ንገሪያታ! ደሞዙን የምትበዪው አንቺ!»

«ከእርስዎ አፍ ካልሰማች ቤት ስትገባ መልሳ ትጠብቃለች።»

ጉልበቴ እየተንቋቋ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። «ያቆምኳት እኔ ነኝ። እናትሽ አልመጣችም። ሥራ ሄደች ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ሞታለች፤ አትመጣም።»

አሻንጉሊቷን አንስታ ደጅ መልሳ አስተኛቻት።

«ያን ቀን ስትሞት አይቻት ነበር» አለች፤ ድምጿ ሻክሯል። «ስትቆም የተሳሳትኩ መሰለኝ። አንቺ ግን የማታውቂ መስሎኝ ነበር፣ አያዬ። እንዳልነግርሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ስምንት ወር ሙሉ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ለየብቻችን ስንቀብራት ኖረናል።

አሮጊቷን ግን ከጣሪያው አላወረደቻትም። እኔም አልነካኋትም።