ወረቀቱ የተላጠ መርፌ

ሹፌሯ እንቅልፍ የጎደላት ሰው አልነበረችም፤ ግን ይህን ማን አምኗት! ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጋደም ካለች እስኪነጋ ድረስ ለጥ ብላ ነው የምትተኛው። ምን ዋጋ አለው፣ ከዓይኖቿ ሥር ያሉት ሁለት ጉድጓዶች ከእናቷ የወረሰቻቸው ናቸው፤ እንቅልፍም አይሞላቸው፣ ዕረፍትም አይሞላቸው። አውቶቡሱ ላይ የወጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው። «እህት፣ ነቅተሻል አይደል?» ይላታል አንዱ። «ኧረ ሹፌር፣ እኛ ልጆች አሉን!» ይላል ሌላው። የሥራ ባልደረቦቿማ ስሟን ከረሱት ቆዩ፤ እንቅልፋሟ ነው የሚሏት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሳትገጭ፣ አንድ መስታወት ሳትሰብር የነዳች ሴት እንቅልፋም ስትባል ይታያችሁ!

እሷ ግን ስቃ ታልፈው ነበር። ነገሩ የከረረው አንድ ተሳፋሪ የቅሬታ ደብዳቤ ያስገባ ዕለት ነው። የስምሪት ኃላፊው ቢሮው ጠራትና ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ትክ ብሎ አያት። ማኅደሯን ገልጦ አላየም፤ ፊቷን ነው ያየው። «እኔማ አውቅሻለሁ፤ ሰው ግን እየፈራ ነው። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከመጣ ከመሪው አንስቼ ትኬት መስኮት ላይ ነው የማስቀምጥሽ» አላት። ሹፌሯ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ እንደ መሪ የምትወደው ነገር የለም። ከዚያ ቢሮ እንደወጣች በዚያው እግሯ ታላቅ እህቷ ቤት ሄዳ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ታላቅየዋ ፀጉር ሰሪ ናት። እሷ በአባቷ ስለወጣች ፊቷ ሙሉ ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ስትሞት ታናሿን አሳድጋ ለወግ ያበቃቻት እሷ ናትና፣ የእህቷን እንባ ማየት አይሆንላትም። «ለዚህ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ለቅሶ? ይሄማ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው!» አለቻት፣ በመዳፏ ጉንጯን እየጠረገች። «ማዳም ፊለር ትወጋሻለች፣ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ያ ሰውዬም አፉን ይዘጋል።»

«አደጋ የለውም፣ እትዬ?»

«እኔ እያለሁ? ምን በወጣሽ!»

ይህን ያለችው ከልቧ ነው።

ማዳም የምትባለው ታላቅየዋ የምትሠራበት የውበት ሳሎን ባለቤት ናት። ከፊት ለፊት ፀጉር ይሠራል፣ ጥፍር ይቀባል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ማዳም ከንፈር ታፋፋለች፣ ጉንጭ ትሞላለች። የሙያ ምስጢሬ ይወጣብኛል ብላ ያላት ጭንቀት ለጉድ ነው። ደንበኞች የመድኃኒቱን ስም በስልካቸው እያነሱ ማዶ ላለው ሳሎን ያቀብሉብኛል ስለምትል፣ አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ከየስሪንጁ ላይ ስሙ ያለበት ወረቀት ተልጦ መነሳት አለበት። ይህን የሚሠራው ማን ነው? ፀጉር ሰሪዋ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ በሞቀ ውሃ በራሰ ፎጣ ትጠቀልላቸዋለች፣ ወረቀቱን ከጠርዙ በጥፍሯ ፈልቅቃ ታነሳለች፣ የቀረውን ሙጫ የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው አሴቶን ታብሳለች። እጇ የተባረከ ነው፤ አንዲት ፊደል አታስተርፍም። ካርቶኑንም ቀዳ ትጥለዋለች።

የሚመጣው ዕቃ ሁለት ዓይነት እንደሆነ ታውቃለች። የአንዱ ጽሑፍ ሰማያዊ ነው፣ የሌላው አረንጓዴ፤ ውስጣቸው ያለው ግን ሁለቱም ጥርት ያለ ነገር ስለሆነ ከተላጡ በኋላ መለያ የላቸውም፣ አንድ ትሪ ላይ ነው የሚደረደሩት። አንዴ «ማዳም፣ አይምታቱም?» ብላ ጠይቃ ነበር። «ሁሉም ሥራው መሙላት ነው፤ ምኑ ይምታታል?» አለቻት ማዳም። ፀጉር ሰሪዋም የሚያውቅ ሰው ተናገረ ብላ መላጧን ቀጠለች።

ሹፌሯ የዕረፍት ቀኗን ጠብቃ ከሰዓት በኋላ መጣች። አልጋው ላይ ከመውጣቷ በፊት ማዳምን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ኮስተር ብላ «መንጃ ፈቃድ አለሽ?» አለቻት። ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ። ማዳም ራሷ እየሳቀች በመስታወት ተለብጦ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አሳየቻት፤ የሦስት ቀን ሥልጠና የወሰደችበት ነው። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እስከ ዛሬ አንድም ሰው ምንም አልሆነብኝም!» ብላም ማለች። ወይ መሐላ! ምናለ በሌላ ነገር በማለች።

ፀጉር ሰሪዋ የእህቷን እጅ ይዛ ራስጌዋ ቆመች። የቀኙ በሰላም አለቀ። እውነትም ጉድጓዱ ድራሹ ጠፋ፤ «ውይ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ መሰልሽ እኮ!» እያለች ታላቅየዋ አሞካሸቻት። ግራው ላይ ግን መርፌው ገብቶ ገና ጥቂት እንደቆየ ሹፌሯ ጩኸቷን ለቀቀችው። የእህቷን እጅ ጨምድዳ ያዘችና «እትዬ፣ መብራቱን ለምን አጠፋችሁት?» አለች።

መብራቱ አልጠፋም።

«በግራ ዓይኔ ምንም አይታየኝም። እትዬ፣ ጨለመብኝ!»

ፀጉር ሰሪዋ ጎንበስ ብላ አየቻት። ከእህቷ አፍንጫ አጠገብ ያለው ቆዳ ደሙ ተመጥጦ ነጭ ሆኗል። ማዳም መርፌዋን አስቀመጠችና «አይዟችሁ፣ መድኃኒቱ ውስጥ ያለው ማደንዘዣ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል፣ ያልፋል። በረዶ አምጪ!» አለች። ድምፅዋ ተንቀጥቅጧል፤ ፀጉር ሰሪዋ ሰምታዋለች። ሰምታዋለች፣ ግን በረዶውን አመጣች። ስንት ዓመት «እሺ ማዳም» ሲል የኖረ አፍ በአንድ ጊዜ እምቢ ማለት ከየት ያምጣ? ደግሞም ማመን ፈልጋለች። ማደንዘዣ ከሆነ ያልፋላ! በረዶውን በጨርቅ ጠቅልላ ራሷ ያዘችላት፤ «ታገሺ የኔ ቆንጆ፣ አሁን ያልፋል፣ አሁን» እያለች። ሹፌሯም የእህቷን ቃል አምና ዝም ብላ ተኛች።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት ሞላ። ከዚያ ሹፌሯ ቀና አለችና አስታወከች፤ የግራ ዓይኗ ቆብም ወድቆ አልነሳ አለ። ፀጉር ሰሪዋ ያን ጊዜ በረዶውን ወረወረችው። «ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው!» ስትል ማዳም በሩ ላይ ቆማ «ኧረ ትንሽ ጠብቂ፣ ስሜን ልታጠፊው ነው እንዴ?» አለቻት። እህቷን ደግፋ፣ ማዳምን ገፍትራ ወጣች። ሐኪም ምን ተወጋች ብሎ መጠየቁ እንደማይቀር ትዝ ስላላት ግን፣ ከመውጣቷ በፊት ግራው የተወጋበትን ስሪንጅ ከቆሻሻ ቅርጫቱ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች።

ታክሲ ውስጥ ሹፌሯ በቀረው ዓይኗ መንገዱን እያየች «ወንድሜ፣ በዋናው አትሂድ፣ በዚህ ሰዓት ይዘጋል፤ በጓሮ ግባ» አለችው። ባለታክሲው ማንን ሰምቶ! በዋናው ሄደ፤ ተዘጋ። መኪና በመኪና ላይ ተደራርቦ ንቅንቅ የለም። ፀጉር ሰሪዋ ወርዳ ብትጮህ፣ ብትለምን፣ ብትረግም ለውጥ እንደሌለው እያወቀች የበሩን እጀታ ይዛ ቁጭ አለች።

የዓይን ሐኪሟ ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯም አጭር ነው። በባትሪ እያበራች «ይህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?» አለች።

«ሁለት ሰዓት ሊሆነው ነው።»

የሐኪሟ እጅ ፈጠነ። «ምንድን ነው የተወጋችው?»

«ፊለር።»

«ፊለር መሆኑማ ገባኝ፤ የትኛው? ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ወደ ዓይኗ የሚሄደውን ደም ዘግቶታል። የሚሟሟ ዓይነት አለ፣ እሱ ከሆነ ማሟሚያ አለን፣ እንታገለዋለን። የማይሟሟም አለ። ቶሎ ንገሪኝ።»

ፀጉር ሰሪዋ ተንደርድራ ቦርሳዋን ከፈተችና ስሪንጁን አወጣች። ስላላረሳችው ለአፍታ ያህል ልቧ ሞቅ ብሎ ነበር። ሐኪሟ ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሳችው። አዟዟረችው። ገልብጣ አየችው።

«ወረቀቱስ?»

«ተልጧል።»

«ማን ነው የላጠው?»

አልጋው ላይ ያለችው እህቷ ጭንቅላቷን ወደ እሷ አዞረች። ማዳም ናት ብትል ማን ይጠይቃታል? አፏ ግን እምቢ አላት። «እኔ ነኝ» አለች። «ሰኞ ጠዋት ላጥኩት። ሁሉንም የምልጠው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ ነበሩ።»

«ይሄኛውስ?»

ዓይኗን ጨፍና የሰኞን ጠዋት ፈለገችው። ሃያ ስሪንጅ፣ የሞቀ ፎጣ፣ የአሴቶን ሽታ። ከዚያ ያለፈ ምንም አልመጣላትም። «አላውቅም» አለች። «አላውቀውም!» ማዳም ጋ ደወለች፤ ጠራ፣ አልተነሳም። ደገመች፤ ስልኩ ተዘግቷል። ደወለች፣ ደወለች፤ አውቶማቲኳ ሴትዮ ብቻ በለሰለሰ ድምፅ ትመልስላታለች።

ሐኪሟ ሳታውቀውም ሞከረች። ማሟሚያውን ወጋች፣ አሸች፣ ጠብታ ጨመረች፣ ደግማ ወጋች። በየመሀሉ የቀኙን ዓይን በእጇ ሸፍና ባትሪውን ታበራለች። «ይታይሻል?» «አይታየኝም።» «አሁንስ?» «አይ።» «አሁን?» ፀጉር ሰሪዋ ግድግዳውን ተደግፋ እያንዳንዱን «አይ» ትሰማለች። ፈጣሪዬ፣ አንዴ ብቻ «አዎ» አስብላት! ሌላ ምን አላት? በእጇ ያለው ሥራ ሁሉ አልቋል።

በኋላ ኮሪደር ላይ ሐኪሟ ልታጽናናት ፈለገች መሰለኝ፣ «ዓይነቱን ባውቀውም ዋስትና አልነበረንም። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ብዙ ጊዜ ዓይን አይመለስም፤ ያውም ከቆየ» አለቻት። ፀጉር ሰሪዋ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማችው «ከቆየ» የሚለውን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በረዶውን ይዛ ያቆየቻት ሌላ ማን ሆነና!

ሦስት ቀን ተኙ። ሹፌሯ ከነርሶቹ ጋር ታወራለች፣ ጎኗ ባለው አልጋ ላይ ካለችው በሽተኛ ጋር ታወራለች፤ ለእህቷ ግን ቃል የለም። ሾርባ ስታቀርብላት ትጠጣለች፣ ትራስ ስታስተካክልላት ቀና ትላለች፣ አታያትም። ብትሰድበኝ፣ በጥፊ ብትለኝ ምናለ እያለች ፀጉር ሰሪዋ በሆዷ ታለቅሳለች። በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ የግራው ዓይን እንደማይመለስ ሳታድበሰብስ ነገረቻቸው። ሹፌሯ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦

«በአንድ ዓይን ሕዝብ ማመላለሻ ይነዳል?»

«አይፈቀድም» አለች ሐኪሟ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ሹፌሯ አላለቀሰችም። የለቅሶውን ድርሻ ታላቅየዋ ተሸፋፍና ወሰደችው።

ሲወጡ ፀጉር ሰሪዋ ታክሲ ልትጠራ እጇን አነሳች፤ ሹፌሯ ግን ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ቀጥ ብላ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄደች። እግር በእግር ተከተለቻት። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ሲከፍት መሪው ላይ ያለው የቆየ ባልደረባዋ ነበር። «እንቅልፋሟ! በመነጽር ዘንጠሽ የት ጠፍተሽ ነው? ደግሞ እንዴት አምሮብሻል!» አላት ጥርሱን ፈልቀቅ አድርጎ። የሚያውቀው ነገር የለም፤ ምን ይፈረድበታል። ሹፌሯ ፈገግ አለችለትና እግሯን አነሳች።

እግሯ ያረፈው ባዶ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የወጣችበትና የወረደችበት ደረጃ ከመሰላት ቦታ ላይ አልነበረም። ጉልበቷ ብረቱን ነካ፣ ተሳፋሪው «እኔን!» አለ፣ ባልደረባዋ ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ፀጉር ሰሪዋ ከኋላ ዘላ ክንዷን ያዘችና ወዲያው ደንግጣ ለቀቀችው፤ በምን ፊቷ ትያዛት?

ሹፌሯ የበሩን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ትንሽ ቆየች። ትንፋሿን ሰብስባ፣ ዞራ ሳታይ፣ ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረቻት።

«እትዬ፣ በግራዬ በኩል ሁኚልኝ። በዚያ በኩል የሚመጣው አይታየኝም።»