ሣር ያዘ

ሽማግሌው ሰዓት ጠጋኝ እልኸኛ ናቸው። ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ናትና እልኸኛ ሰው በየመንገዱ ይገጥማታል፤ እንደ አባቷ ያለ ግን እስከ ዛሬ አልገጠማትም።

የዚያን ቀን ጠዋት ሽማግሌው ከልጃቸው ጋር ሐይቅ ላይ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ሣጥናቸውን ከፈቱ። ሣጥኑ ውስጥ ዓሣ የሚያታልሉባቸው ማባበያዎች፣ ከእንጨትና ከፕላስቲክ የተሠሩ የውሸት ዓሦች ተደርድረዋል። በግራ እጃቸው አንድ በአንድ እያነሱ ያዩ ጀመር። ቀኙ ጭናቸው ላይ ተኝቷል። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ከሞት ከተረፉ ስምንት ወራቸው ነው። እጁ ይጨብጣል፣ ይይዛል፤ ግን ደንዝዟል፤ ሻይ ቢፈስበት እንኳ አይሰማቸውም። የሰዓት ጥርስ በደነዘዘ እጅ አይጠገን ነገር! ሐኪሙም «ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» ብሎ ተገላገለ። ስለዚህ አርባ አንድ ዓመት የሠሩባት ሱቅ ልትሸጥ ነው፤ ሰኞ ለገዢው ቁልፍ ያስረክባሉ። ቁልፉ ልጅቱ ኪስ ውስጥ ነው። ያለ ክብደቱ ይከብዳታል።

«አባባ፣ ይቺን ይውሰዱ» አለች፣ መንጠቆዋ ለስላሳ ገላዋ ውስጥ የተደበቀ ማባበያ እያቀበለች። «ውሃው ወገብ አይደርስም፤ ሣሩ ደግሞ ጫካ ነው። ይቺ ሳይነካት ሹልክ ብላ ታልፋለች።»

«ድምፅ የላትም።»

«ዓሣ ሊይዙ ነው ወይስ ሊያወሩ? እሺ፣ ይሄስ?»

«የሱ ምላሱ፣ አፉ ላይ ያለችው ጠፍጣፋ፣ ረጅም ናት። ሲጎተት ወደ ታች ይጠልቅና ሣሩ ውስጥ ይቀበራል።»

ከሣጥኑ ጥግ አንድ ቦርጫም፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ምላሰ አጭር የእንጨት ዓሣ አወጡ። ሆዱ ሥር ሦስት ሦስት ጥፍር ያላቸው ሁለት መንጠቆዎች ተንጠልጥለዋል።

«ይሄ ከሣሩ በላይ በላይ ነው የሚሄደው። ሲጎተትም ይንቀጠቀጣል።»

«በስመአብ! ይሄን ሁሉ ጥፍር አውጥቶ እሣር መሀል! ሣር ስነቅል ልዋል?»

«ትውያለሻ። ሞተሯንም አጥፊያት፤ ቅዘፊ።»

ባስ የሚሉት አፈ ሰፊ ዓሣ እንዲህ ያለ ሣር ውስጥ አድፍጦ እንደሚጠብቅ ታውቃለች። ግን ቀኑን ሙሉ መቅዘፍ! አጉረመረመች፣ ቀዘፈችም። ፊቷ ወደ አባቷ ነው። እሳቸው ማባበያውን ከኋላ ለቀቁ፣ የማጥመጃውን ዘንግ በደነዘዘው ቀኝ እጃቸው ያዙ፣ አውራ ጣታቸውን ክሩ ላይ አሳረፉ፣ ግራ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ሸጎጡ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ኧረ አባባ፣ በግራ ይያዙት!»

ጆሮ ዳባ ልበስ። ትንሽ ቆይተው ግን «ሣር ያዘ» አሉ።

ዘንጉን ተቀብላ ክሩን ጠቀለለች። እውነትም አንድ ጭብጥ ሣር። «ሣር ውስጥ ሆኖ ሣር ያዘ ማለት ምን ያቅታል» ብላ ነቅላ መልሳ ወረወረችው።

«ሣር ያዘ።»

አሁንም ልክ ናቸው። በሦስተኛው ልትፈትናቸው አሰበች። «እኔ እንጃ አባባ፣ ሣር የያዘ መሰለኝ» አለች።

«አልያዘም። ንጹሕ ነው።»

ስባ አየችው፤ ንጹሕ። እንደገና ለቀቀችው፣ ቀዘፈች።

«አሁን ያዘ» አሉ። «ትንሽ ናት።»

ጠቀለለች። ከመንጠቆው ጥፍር ላይ ፀጉር የምታክል አንዲት ዘለላ ተንጠልጥላለች። ልጅቱ እጇን ባፏ ጫነች።

«በ... በምን አወቁ?»

«አንቺ ጎማ ሲተነፍስ በምን ታውቂያለሽ?»

«መሪው ላይ፤ በእጄ።»

«እንግዲህ። ይሄ ሲንቀጠቀጥ ክሩ ይነግረኛል፤ ሣር ሲይዘው ዝም ይላል። ከትናንት ወዲያ የልብስ ማጠቢያው ማሽን እየሠራ እጄን ባሳርፍበት የሆነ ነገር ተሰማኝ። ሕልም ይሆናል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ሣር የማይነካው ማባበያ ምን ያደርግልኛል? ሲናገርም ዝም ሲልም ነው ማወቅ የፈለግኩት። ሞተሩም እንዳያምታታኝ ነው ያስጠፋሁሽ።»

«ትከሻዎ ቢሆንስ የሚሰማው?» አለች፤ ማመን ፈርታ። ዘለላዋን ነቅላ ማባበያውን መልሳ ወረወረችና ዘንጉን አስያዘቻቸው።

ጥቂት እንደቀዘፈች ውሃው ተገለበጠ። አፉ ጎድጓዳ ሳህን የሚያክል አረንጓዴ ዓሣ አየር ላይ ወጣ፤ ክሩ በአውራ ጣታቸው ሥር ዥ... ብሎ ሮጠ፤ ዓሣው ራሱን አራገፈና ማባበያውን ተፍቶ ገባ። ሐይቁ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ፍጥረት ወገቧ በማይደርስ ውሃ ውስጥ ይኖራል ቢሏት አታምንም ነበር።

«አይዞዎት አባባ፣ ሌላ...»

አባቷ እየሰሟት አይደለም። ጣታቸውን ያያሉ። ክሩ የሄደበት ቀይ መስመር ሆኗል።

«አቃጠለኝ» አሉ በቀስታ። ከዚያ ጮኹ፦ «ያማል! ልጄ፣ ያማል እኮ!»

«እሰይ!» አለች። አባቷን ሲያማቸው እሰይ ብላ ያለቀሰች ልጅ!

እንባቸውን በትከሻቸው ጠረጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ቀኝ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን።»

ከኪሷ አውጥታ አስቀመጠችላቸው። ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ተከደኑበት።

«ሞቋል» አሉ። «ኪስሽ ነው ያሞቀው።»

ልጅቱ መቅዘፊያዎቹን አንስታ፣ ሰኞ ለገዢው ምን እንደምትለው እያሰበች ወደ ዳር ትቀዝፍ ጀመር።