ላስቲኳ ያልተነሳ አሻንጉሊት

አሻንጉሊቷ የምትኖረው በኃላፊው ቢሮ፣ በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ታህላለች። ደረቷ ከስስ ጎማ የተሠራ ስለሆነ፣ አፍና አፍንጫዋ ላይ ማስክ ገጥሞ የትንፋሽ ፊኛውን የሚጨምቅ ሰው በትክክል ከያዘ ደረቷ ከፍ ይላል። ካልያዘ አየሩ በጉንጯ በኩል ሾልኮ ይወጣል፣ ደረቷም እንደተኛ ይቀራል። የተሠራችው ለዚህ ብቻ ነው። እኛ ጤና ጣቢያ ከመጣች ወዲህ ግን አንድም ሰው ተለማምዶባት አያውቅም። የተቀመጠችው ከነላስቲኳ ነው።

ከቁም ሣጥኑ ጎን የሥልጠና ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል። በሁሉም ላይ ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች ግማሽ ክብ ሠርተው ቆመዋል፣ መሐል ጠረጴዛው ላይ እሷ ተኝታለች። በሁሉም ላይ ላስቲኩ የካሜራውን ብርሃን ያንጸባርቃል። ሰዎቹ ከፎቶ ፎቶ ይወፍራሉ፣ ይሸብታሉ፣ ይለዋወጣሉ። እሷ አዲስ ናት።

"ከሁላችንም በላይ ሥልጠና የወሰደችው እሷ ናት" ይላል የላብራቶሪ ባለሙያው። "የሙያ ፈቃድ ነው የቀራት።"

እኔም ከሌሎቹ ጋር እስቅ ነበር። መሳቅ ያቆምኩት አንድ ከሰዓት በኋላ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ከሆነው ነገር በኋላ ነው።

ልጁ ተወለደ፣ ግን አላለቀሰም። ከእኔ ጋር የነበሩት እትዬ ናቸው፤ በዕድሜም በአገልግሎትም ትልቋ አዋላጃችን ስለሆኑ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ጀርባውን አሹት፣ እግሩን በጣታቸው መቱት። እንደ ረጠበ ጨርቅ ተልፈሰፈሰባቸው። እኔ ማስኩን ገጠምኩና ፊኛውን ጨመቅሁ። በጉንጩ በኩል "ፍስ" አለ።

"ጠበቅ አድርጊው!" አሉ እትዬ።

"አጥብቄዋለሁ!"

"እንግዲያው አየሩ ለምን ይሾልካል? ወዲህ በዪ!"

እሳቸውም ያዙት፤ ፍስ አለ። አንገቱን ቀና አደረግን፣ መለስን። ኮሌጅ እያለሁ መምህራችን ሰሌዳ ላይ የሣለው ሥዕል ከነቀስቶቹ ትዝ ይለኛል። እጄ ግን ምንም ትዝ አይለውም ነበር። ሁለታችን አንድ ማስክ ላይ ስንሻማ ልጁ በራሱ ጊዜ አንዴ ሳል አደረገ፣ ቀጥሎም እሪ አለ።

እትዬ እናትየዋን "ከሞት አፍ ነጥቀን ሰጠንሽ" አሏት። እሷም እጃችንን ይዛ ሳመችው። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ኃላፊው ስማችንን ጠርተው አስጨበጨቡልን። ቆሜ ተጨበጨበልኝ። ልጁን ያተረፍነው እኛ አልነበርንም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እትዬም ያውቃሉ።

ያን ጊዜ እህቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። የምትወልደው እኛ ጋ ነው።

ኃላፊው ቢሮ የሄድኩት በዚያው ሳምንት ነው። ወረቀት ላይ እየፈረሙ ነበር፣ ቀና አላሉም።

"ጋሼ፣ አሻንጉሊቷን ማዋለጃ ክፍል ብናስቀምጣት ብዬ ነበር። ሥራ ቀለል ሲል በየፈረቃው እንድንለማመድ።"

"የቷን?"

"ይቺን።"

አሁን ቀና አሉ። እኔን ሳይሆን ቁም ሣጥኑን ነው ያዩት። "ልጄ፣ ይቺ እኮ ንብረት ናት። በፊርማዬ ነው የተረከብኳት። ነገ ጎማዋ ቢቀደድ አንቺ ትጠየቂልኛለሽ?"

"ለልምምድ አይደል የተሰጠችን?"

"ለሥልጠና ነው የተሰጠችን። ሥልጠና ሲኖር ትወጣለች።" እስክሪብቷቸውን መልሰው አነሱ። "ደግሞስ አሁን ሕፃን ያተረፍሽ ሰው ምን ልምምድ ያስፈልግሻል?"

"እሺ" ብዬ ወጣሁ።

እኔ እንዲህ ነኝ። ንዴቴ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና "እሺ" ሆኖ ይወጣል። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ በሚጠብቁት እናቶች መሐል አልፌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ማታ እህቴ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ የሕፃን ልብስ ታጥፋለች። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ ልብሱም እሷም እኔም አንድ አልጋ ላይ ነን።

"ትልቁ ሆስፒታል ብትወልጂስ?" አልኳት።

"ምጥ ይዞኝ ሁለት አውቶቡስ ልቀይር? አታፍሪም?" ሳቀች። "እናንተ ጋ ምን ጎደለ?"

"ምንም።"

"እና ምን ታንገራግሪብኛለሽ? ሚጢዬ፣ አንቺ ራስጌዬ ቆመሽ ምን እሆናለሁ?"

ካልሲ አንስቼ ማጠፍ ጀመርኩ። አውራ ጣቴን የምታህል ካልሲ። ያቺን "ምንም" ያልኳትን ቃል መልሼ ብውጣት ደስ ባለኝ።

ሥልጠናው ሲመጣ የመጣው ስለ እሱ ራሱ ነበር፤ አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን ስለማስተንፈስ። ስሙ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ይባላል። የተካፈለ ሰው ነጥብ ያገኛል፣ ነጥቡ ያልሞላለት የሙያ ፈቃዱ አይታደስም። ስለዚህ ማንም አይቀርም። የጥርስ ባለሙያው ሳይቀር መጥቷል።

አሰልጣኙ ከበላይ መሥሪያ ቤት የተላከ፣ ከረቫት ያሠረ ወጣት ነው። ጀርባውን ሰጥቶን ግድግዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ ያነብባል። እኛም እናነብባለን፤ እሱ ግን ከእኛ ትንሽ ዘግየት ይላል።

"የመጀመሪያዋ ደቂቃ ወርቃማ ደቂቃ ትባላለች" ብሎ አነበበ። ቀጥሎ ስለ ወርቃማዋ ደቂቃ ትርጉም፣ ዓላማ፣ መርሆዎችና ተግዳሮቶች አነበበ።

"ይቺ ደቂቃ ከጠዋት ጀምሮ አላልቅ አለች እኮ" አለ የላብራቶሪ ባለሙያው ጆሮዬ ሥር።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አፌን ሸፍኜ እስቅ ነበር። የማየው የአሰልጣኙን እጅ ነው። ማስክ እንዴት እንደሚያዝ የሚያሳየው ሥዕል መጣ፤ ያው ሥዕል፣ ያው ቀስቶች። "ይህ ግልጽ ነው" አለና አለፈው።

ምሳ ሊቀርብ ሲል ኃላፊው ተነሡ። "አሁን የተግባር ክፍል" አሉና ቢሯቸው ሄደው አሻንጉሊቷን በሁለት እጃቸው ታቅፈው አመጡ። ጋውን ተደረበ፣ ግማሽ ክብ ተሠራ። ካሜራ የያዘው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ወንበር ላይ ወጣ።

"አዋላጆች ወደ መሐል። እትዬ፣ እዚህ ይቁሙ። አንቺ ዝምተኛዋ፣ ማስኩን ያዢና እንደ መግጠም አድርጊ።"

ማስኩን ሰጡኝ። ላስቲኩ ፊቷ ላይ ተጨማዶ አፍንጫዋን ሸፍኗል። እንደ መግጠም። እኔ የማውቀው ሁሉ እንደ መግጠም ነው። እህቴ አልጋው ላይ ተኝታ፣ እኔ ራስጌዋ ቆሜ፣ እንደ መግጠም አድርጌ ታየኝ።

ጣቴን ከአንገቷ ሥር አስገብቼ ላስቲኩን ቀደድኩት።

ድምፁ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። ከአናቷ እስከ እግሯ ሳብኩት፣ ወለሉ ላይ ጣልኩት። ማስኩን ገጥሜ ፊኛውን ጨመቅሁ።

ፍስ።

ደግሜ ጨመቅሁ። ደረቷ አልተንቀሳቀሰም።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አሉ ኃላፊው።

"የተግባር ክፍል ነው ብለዋል እኮ።" ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ማስኩን ለአሰልጣኙ ዘረጋሁለት። "አሳዩን።"

ከረቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ተቀበለኝ። ሲጨምቅ በጉንጯ በኩል ፍስ አለ። ያዘበትን አስተካክሎ ደገመ። ላብ በግንባሩ ላይ ብቅ አለ።

"እውነቱን ልንገራችሁ?" አለ ቀስ ብሎ። "እኔም ስሠለጥን ላስቲኳ አልተነሳም ነበር።"

አንድ ሰው ሳቀ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አቆመ።

"ይበቃል!" አሉ ኃላፊው። "ምሳ እየቀዘቀዘ ነው። አንቺ ልጅ ደግሞ ምን ሆነሻል? እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ባለሙያ ነው። ባለፈው ሕፃን አትርፈን የለም እንዴ?"

"አላተረፍነውም!" ጮህኩ። ጮኼ ስለማላውቅ ልኩን አላወቅሁትም፣ በኮሪደሩ የሚያልፉ ሰዎች ቆሙ። "እኛ ማስክ ስንሻማ እሱ ራሱ ነው የተረፈው! ባያስለው ኖሮ ዛሬ ምን ብላችሁ ታስጨበጭቡ ነበር?"

እትዬን አላየኋቸውም። ማየት አልቻልኩም። ጋውናቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሲጥሉት፣ በሩም ሲዘጋ ብቻ ሰማሁ።

የተሳታፊዎች መፈረሚያ ወረቀት ዞረ። አሰልጣኙ አንገቱን ደፍቶ አዞረው፣ ሰዎችም አንገታቸውን ደፍተው ፈረሙ። የላብራቶሪ ባለሙያው "ልጆች አሉኝ እኮ" አለኝ፣ ምንም ሳልለው። እኔ ጋ ሲደርስ መለስኩት።

"ፈርሚ" አሉ ኃላፊው።

"አልሠለጠንኩም።"

"ነጥብ አታገኚም። ፈቃድሽ ሲቃጠል እኔ ዘንድ እንዳትመጪ!"

"አልመጣም።"

ፊታቸው ቀላ። መሬት ላይ የወደቀውን ላስቲክ አነሡና ለሕፃን ልብስ እንደሚያለብስ ሰው ሊያለብሷት ሞከሩ። ተቀዶ ስለነበር አልሆነላቸውም። ያኔ ነው እጅግ የተናደዱት። የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ ከወንበሩ ላይ አስወርደው የርክክብ ወረቀት አስመጡት።

"ማሸጊያዋን አንቺ ነሽ ያፈረስሽው። ከዛሬ ጀምሮ በስምሽ ናት። ብትቀደድ፣ ብትጠፋ፣ ዓይኗ ቢወልቅ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ተረከቢያት!"

ቅጣት መሆኑ ነው። ሁሉም በሐዘኔታ አየኝ። ፈረምኩና አሻንጉሊቷን በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

ማዋለጃ ክፍል ባዶ ነበር። እትዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጓንት ያጥፋሉ፤ የታጠፈውን ጓንት ፈትተው እንደገና ያጥፋሉ። ሰላምታ አልሰጡኝም። አሻንጉሊቷን ሕፃናት የሚሞቁበት ጠረጴዛ ላይ አስተኛኋትና ጀመርኩ። ፍስ። አገጯን ከሥር ሳብ አድርጌ ማስኩን ሳልጫን ያዝኩ። ፍስ።

"ለእናትየዋ ምን ልበላት?" አሉ እትዬ ከኋላዬ። "ትናንት ልጇን ታቅፋ መጥታ መርቃኝ ሄደች። አንቺ ባደባባይ አዋረድሽኝ።"

"እኔንም ነው ያዋረድኩት።"

"አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ነገ ይረሳልሻል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ..." አልጨረሱትም። መጥተው በክርናቸው ገፉኝ። "ወዲያ በዪ።"

ጨመቁ። ፍስ አለ። ጥርሳቸውን ነክሰው ደገሙ። ብዙ ጨመቁ። አንዴ ትንሿ ጣታቸው አገጯ ሥር ስትገባ ደረቷ ከፍ አለ፣ ወረደ። ሲደግሙት እንቢ አለ።

"ሠራ እኮ!" አልኳቸው።

"አንዴ ከፍ ማለት ማወቅ ነው? ምን ያስደስትሻል?" ዓይናቸው ግን ደረቷ ላይ ነው። "እህትሽ መቼ ነው የምትወልደው?"

"በሚቀጥለው ወር።"

"እዚህ?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

"ደውዪላት። አሁን፣ እዚሁ እያለሁ። እስክንችል ድረስ እንዳትመጣ ንገሪያት። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ከነገ ጀምሮ ሁሉንም እነግራለሁ። ኃላፊውም ከፈለገ ያባርረኝ።"

እንደገና ማስኩን ስለሰጡኝ፣ ደወልኩና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እህቴ አነሳች። ከጀርባዋ የሚንጫጩ የጎረቤት ልጆች ይሰማሉ።

"ሚጢ? ምነው በሥራ ሰዓት?"

"እህቴ፣ እኛ ጋ እንዳትወልጂ። ሆስፒታል አጠገብ ቤት እንፈልጋለን፣ ቀደም ብለሽ ትገቢያለሽ።"

"ምን ሆናችሁ?"

"ልጁ ሳይተነፍስ ቢወለድ ማስተንፈስ አንችልም። እኔም አልችልም። አሁን ገና እየተማርን ነው።"

በሩን ስትዘጋ ሰማሁ፣ የልጆቹ ድምፅ ጠፋ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

"እና እስከ ዛሬ እናንተ ጋ የወለዱትስ?"

እትዬን አየኋቸው። ሰምተዋል። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"ሚጢ፣ አለሽ?"

"አለሁ" አልኳት። ማስኩን ገጠምኩ፣ ትንሿን ጣቴን አገጯ ሥር አስገባሁ፣ ጨመቅሁ። ፍስ የሚለው ድምፅ እስከ እህቴ ድረስ ተሰማ።

"ድገሚው" አሉ እትዬ፣ ሳይዞሩ።