ስም ያልተጻፈባቸው ብልቃጦች

በድንች ጥብስ ፋብሪካው የቅመም ክፍል ባልደረቦቹ «አፍንጫው» ነበር የሚሉት። ጆንያው ሳይፈታ በርበሬው የዘንድሮ ይሁን የአምና ይነግራቸው ነበር። አንድ ብርቱ ጉንፋን ያን አፍንጫ ይዞበት ከሄደ ግን ወራት አልፈዋል፤ ሚስቱ እንኳ አታውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሱ ግን ከበሽታው ይልቅ የፈራው ቅጽል ስሙን ማጣት ነው። ሥራውን በሚዛንና በልምድ ይገፋዋል። «እንዴት ነው?» ሲሉት ቆንጠር አድርጎ ወደ ፊቱ ያስጠጋና «ጨው አነሰው» ይላል። መቼም ጨው አነሰው ያለ ሰው አያፍርም።

ቤቱ ውስጥ ደግሞ የእሁድ ፈንዲሻ አለ። ልጁ ትንሽ ሳለች የጀመረው ነው፤ እሱ አዲስ ቅመም ይፈጥራል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ምን እንዳለበት ትገምታለች። የደረቀ የሎሚ ልጣጭ ከቁንዶ በርበሬ ጋር፣ ነጭ ሽንኩርት በቅቤ፣ አንዴ እንዲያውም የተፈጨ ቡና በስኳር። የዚያን ቀን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ቅመሞቹ በአንድ ዓይነት ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል። ሚስቱ አንድ ጊዜ ስማቸውን ጽፋ ለጥፋባቸው ነበር፤ «ቅመም ራሱን ያስተዋውቃል!» ብሎ አንድ በአንድ ላጠው።

ለውዝ ግን ልጅቷ እያለች እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም። በሕፃንነቷ አንዲት ፍሬ ቀምሳ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። አግብታ ከወጣች በኋላ አባትየው የተፈጨ ለውዝ አምጥቶ ከሰሊጡ ዱቄት አጠገብ አስቀመጠ። እሷ ስትመጣ እናትየው አስቀድማ ከቤት ታወጣዋለች።

አንድ እሁድ ልጅቷ ሳትነግራቸው ከተፍ አለች። እናቷ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ አልተመለሰችም።

«አባዬ፣ ፈንዲሻዬስ?» አለች ጫማዋን እያወለቀች።

አባት በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ድስት ጣደ። በቆሎው ክዳኑን ሲደበድብ ስኳር አዘጋጀ፣ ቀረፋውን በቀለሙ ለየው። ከዚያ ሰሊጥ ፈለገ። ሁለት ብልቃጥ አለ፤ ሁለቱም ፈዛዛ ቡናማ። አንዱን አሸተተ። ምንም። ሌላውን አሸተተ። ምንም። በምላሱ ነካ አደረገው፤ ቅባት ብቻ። ሁለቱንም ትቶ ቀረፋውን ብቻ መነስነስ ይችል ነበር። ልጁ ግን በሩ ላይ ቆማ እያየችው ነው።

«ምነው አባዬ፣ ቅመሙ ጠፋህ እንዴ?» አለችው እየሳቀች።

«እኔን?» አለና አንዱን አንስቶ ነሰነሰ።

«ለውዝ የለበትም አይደል?»

«በእኔ አፍንጫ ለውዝ ሊያልፍ? ሰሊጥ ነው፣ ብይ!»

ቀረፋው ሌላውን ሽታ ሁሉ ውጦታል። ደግሞም ልጅቷ ከራሷ ይልቅ የአባቷን አፍንጫ ታምናለች። ዓይኗን ጨፍና አፏን ሞልታ ጎረሰች።

«ቀረፋ» አለች። «ስኳር...»

ሦስተኛውን አልተናገረችም። እጇ ወደ ጉሮሮዋ ሄደ፣ ከንፈሯ አበጠ። ተሸክሟት ወደ ጎረቤቱ ባለታክሲ ሮጠ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሷ «ምን በልታ ነው?» ስትለው «ሰሊጥ» አለ። «ለውዝስ?» አለችው። «እንጃ» አለ፤ ይህን ቃል ስለ ቅመም ተጠይቆ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ብዙ ሳይቆይ ሐኪሙ ወጥቶ ማትረፍ እንዳልቻሉ ነገረው።

እናትየው እየሮጠች ስትደርስ ሁሉም አልቋል። ኮሪደሩ ላይ ሁለት እጆቹን ይዛ ፊቷን ቀብራባቸው አለቀሰች። ከዚያ ድንገት ልቅሶዋ ተቋረጠ።

«እጅህ ለውዝ ለውዝ ይሸታል» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ አልሸተተህም?»

«አይሸተኝም» አለ። «ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

ፊቷን ከእጆቹ አነሳች።

«ለእኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

እጁን ለቀቀች። ሊከተላት ሲል «እዚሁ ቆይ» አለችውና ወደ ልጇ ብቻዋን ገባች።