የአይብ ቤቱ ጣሪያ

በረዶው በኅዳር መጀመሪያ ወረደ። እስከ መጋቢት አጋማሽ አልተነሣም። ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ ሦስት ጊዜ ተዘጋ። በታኅሣሥ መብራት ለአሥራ አንድ ቀን ጠፋ። በጎች በረት ውስጥ ሞቱ። ድንች ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ በረዶ መታው። ሁለት ሽማግሌዎች አረፉ፤ መሬቱ አልቆፈር ስላለ አንደኛው ለመቀበር አምስት ቀን ጠበቀ።

ከዚያ ፀሐይ ወጣች፤ በረዶው ቀለጠ፤ የኔደልያ አይብ ቤት ኮርኒስ ወረደ።

ኔደልያ የቫርባን ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ ጀምሮ አይብ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ከምንኖርባቸው ከሮዶፒ ተራሮች አርባ ሦስት ባለ በጎች ወተታቸውን ለእሷ ያስረክባሉ። ጣሪያው ጠፍጣፋ የኮንክሪት ሶሌታ ነው። በላዩ ሬንጅ የጠጣ ጥቅል ምንጣፍ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጠጠር አለው። ከተሠራ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ሲያንጠባጥብ ኖሯል። በዚያ መጋቢት ግን አይቡ በሚከርምበት ክፍል ልስኑ ከነኮርኒሱ ተገንጥሎ ስድስት መቶ ክብ አይብ ላይ ወደቀ። የጤና ተቆጣጣሪው መጥቶ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ክፍሉ ሁለት ወር እንኳ ለማይሞላው ለጊዮርጊስ በዓል ካልደረቀ ፈቃዷ ይነጠቃል።

በጊዮርጊስ በጎች መታለብ ይጀምራሉ። ወተት ቀጠሮ አይሰጥም። እረኞቹ ቆላ ካለው ትልቅ ፋብሪካ ጋር ይፈርማሉ፤ አንዴ ከፈረሙ አይመለሱም።

እኔን አስጠራችኝ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጡረታ የወጣሁ አናጢ ነኝ። ያ ቤት ሲሠራ የአናጢዎቹ አለቃ ነበርኩ። በዕድሜ የሚያንሱኝ ሁሉ ባይ ስቶይል ይሉኛል፤ ጋሼ እንደማለት ነው።

«ባይ ስቶይል፣ ይቀመጡና ይምረጡልኝ» አለች። ጠረጴዛው ላይ የጣሪያ ድንጋይ፣ ቁራጭ ቆርቆሮና የሬንጅ ምንጣፍ ቅዳጅ ነበር። «ሻጩ ነገ ይመጣል፤ እፈርማለሁ። ልጆቼ እስኪያረጁ የሚቆይ ይሁን። ሁለተኛ ስለ ጣሪያ ማውራት አልፈልግም።»

ድንጋዩን አነሣሁት። «ይኼ ሁለት መቶ ዓመት ይቆያል።»

«በቃ እሱ ይሁና።»

«ዘንበል ያለ ጣሪያ ይፈልጋል። ከባድ ስለሆነ ወፋፍራም ደረቅ እንጨትም ይፈልጋል። ለመስከረም ይደርሳል። ለጊዮርጊስ አይደርስም።»

«የአናጢ ሥራ ነበር እኮ። የራስዎን እንጀራ እየዘጉ ነው።»

«ይዘጋ።»

ቆርቆሮውን ወደ እኔ ገፋችው። «ይኼን በአንድ ሳምንት እጨርሳለሁ ብሏል። የአርባ ዓመት ዋስትና አለው።»

«ሻጩ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሠላሳ ቢሆነው ነው።»

«ዋስትናው ይበልጠዋል።»

ሳቀች። ክረምቱን ሙሉ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። ትኩስ አጓት እንዳላት ጠየቅኳት። ከላም ወተት የተረፈ በትልቁ ድስት ነበር። ቆርቆሮውን ውጭ ጥላ ሥር በቀረው በረዶ ላይ አቀዝቅዤ አመጣሁና ከድስቱ በላይ ያዝኩት። ወዲያው ከሥሩ አላበው። ላቡ ጠብታ ሆነ፤ ጠብታዎቹ ተያይዘው ወደ አጓቱ ወረዱ።

«ከታች እንፋሎት አለሽ፤ ከላይ በረዶ አለሽ» አልኳት። «ቆርቆሮ ለማገዶ ቤት ጥሩ ነው። እዚህ ግን ሰማዩ ጥርት ብሎም ቤት ውስጥ ይዘንብብሻል።»

ድስቱን አየች። እኔ የሬንጁን ቅዳጅ ላነሣ ስል እጄን ያዘች።

«እሱን አይንኩት። ሻጩ ነው ጥሎት የሄደው። የወንፊት ሂልሚ ጣሪያ ሠላሳ ዓመት ባልዲ ሲያስደረድረኝ ኖረ። አይበቃኝም?»

ሂልሚ ያንን ጣሪያ ያነጠፈው ሰው ነው። በአካባቢያችን እንደ እሱ ሬንጅ የሚያውቅ አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት ውሃ ሲወርድ ቫርባን ገበያ መሃል አስቆመውና «አንተ ጣሪያ ሠሪ ነህ ወይስ ወንፊት?» አለው። ሰው ሳቀ። ሂልሚ «የእኔ ሬንጅ አያፈስም» አለ፤ ሰው የባሰ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንፊት ሂልሚ ሆኖ ቀረ። በከተማችን የዶሮ ቤት ጣሪያ እንኳ የሚሰጠው ጠፋ። በየቆላው እየዞረ ሠርቶ ልጆቹን አሳደገ።

እኔም ገበያው ውስጥ ነበርኩ። አልሳቅኩም። አልተናገርኩምም።

«ጣሪያውን ልየው» አልኳት።

አካፋ ይዤ በመሰላሉ ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ አውቅ ነበር። ከምሥራቁ ጥግ ስድስት እርምጃ ቆጥሬ ጠጠሩን ገለጥኩ።

በእኛ አገር የአንድ ቤት ጣሪያ ሲያልቅ አናቱ ላይ ምሰሶ ይቆማል። ጎረቤት ለሠራተኞቹ ስጦታ ሸሚዝ፣ ፎጣ፣ ካልሲ ያመጣል። ሁሉም ምሰሶው ላይ ይሰቀላል፤ የሠራተኞቹ አለቃ የእያንዳንዱን ሰጪ ስም እየጠራ ከላይ ይመርቃል። የቫርባን ቤት ግን በከተማው የመጀመሪያው ጠፍጣፋ ጣሪያ ነበር፤ አናት የለውም። ሰዉ ሸሚዙን ይዞ ታች ቆሟል። ሠራተኞቼ ሸሚዛቸውን ይፈልጋሉ። ሂልሚ ሥራውን ጨርሶ ትናንትናውን ወደ ሌላ መንደር ሄዷል። እኔ መሮ አንሥቼ ምንጣፉን ቀደድኩ፤ ሶሌታውን አራት ጣት ያህል ቦረቦርኩና ምሰሶውን አቆምኩ። አሥራ ዘጠኝ ሸሚዝ ተሰቀለ። በማግሥቱ ምሰሶውን ነቅዬ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ሞላሁት። ሬንጅ ቀባሁበት። ጠጠሩን መለስኩ።

አሁን ጠጠሩ ሲገለጥ ሲሚንቶው ለብቻው ቆሟል፤ ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ውሃው በዚያ ገብቶ፣ በምንጣፉና በሶሌታው መካከል ተንሸራትቶ፣ አይቡ ክፍል ሲደርስ ነው የሚወርደው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲለጥፍ የኖረው ውሃው የሚወርድበት ቦታ ላይ ነው። የሚገባበት ሌላ ቦታ ነበር።

ከዚያ ርቄ በአራት ቦታ ጠጠሩን ገለጥኩ። ምንጣፉን በቢላ ቆርጬ አጠፍኩት። አልተሰበረም። ከሥሩ ሶሌታው ደረቅ ነበር፤ አቧራ ነበረው።

ኔደልያን ጠርቼ ሁሉንም አሳየኋት። ሁሉንም ነገርኳት። ግንቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«አባቴ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም።»

«እርስዎስ?»

«አውቅ ነበር ለማለት…»

«ባይ ስቶይል፣ እንደ ጠበቃ አያውሩብኝ።»

«አውቅ ነበር። መጀመሪያ ጠረጠርኩ። በኋላ አወቅኩ። ያኔ የትምህርት ቤቱን ሥራ ልቀበል ነበር፤ ፈራሁ። ከዚያ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ አፌ ተያዘ።»

ተናደደች። የተናገረችውን አልጽፈውም፤ ሲያንሰኝ ነው። ሲበርድላት ወደ ቆረጥኩት ምንጣፍ ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳበሰችው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቶ ይኼን ያህል ነው?»

«ይኼን ያህል ነው። ለአንቺ ቤት የሚሆነው እሱ ነው። ከሥሩ እንፋሎት የሚያግድ ንጣፍ፣ ከዚያ ሙቀት የሚይዝ ሰሌዳ፣ በላዩ ድርብ ሬንጅ። በረዶው እዚያው ተኝቶ ይክረም፤ ምንም አይልሽም።»

«ማን ይሠራዋል?»

«ሂልሚ።»

«እሱ በዚህ ደጅ አያልፍም እኮ!»

«እኔ እሄዳለሁ።»

ሂልሚ ከወንዙ ማዶ ጓሮው ውስጥ ሽንኩርት ይተክል ነበር። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ቀና ብሎ አየኝ።

«ስቶይል! ሞተ ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«አልሞትኩም።»

«አየሁ። በከንቱ ነው ያዘንኩት።»

ቆሜ ነገርኩት። መትከሉን አላቋረጠም። ስጨርስ መቆፈሪያውን መሬት ላይ ሰካው።

«ምሰሶው ስንት ጣት ይወፍራል?»

«አራት።»

«የት ጋ?»

«ከምሥራቁ ጥግ ስድስት እርምጃ።»

ዓይኑን ጨፈነ። በእጁ ሰሌዳ የሚያስተካክል ይመስል አየሩን ገፋ። «ያ ቦታ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ታዲያ አይቡ ክፍል ነዋ የሚወርደው! አላልኩም? ሻዚዬ! ከላይ የሆነ ሰው ነክቶታል አላልኩሽም?»

«ሰምቻለሁ» አለች ሚስቱ ከመስኮቱ። «ጎረቤቱም ሰምቷል፤ ቀስ በል።»

«ቀስ አልልም! አንቺ ራስሽ አላመንሽኝም!»

«እኔ? መቼ?»

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!»

«የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት አምኜህ የለ?»

እሱ ሳቀ፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሻዚዬ የድንች ቂጣና እርጎ አውጥታ አጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችልን። ሂልሚ ቂጣውን ለሁለት ከፍሎ ትንሹን ሰጠኝ።

«ጣሪያውን እሠራለሁ» አለ። «ከወንድሞቼ ልጆች ጋር። ሥራዬ ነው፤ አንተ አበላሸኸው እንጂ እኔ አላበላሸሁትም። ያንተ ነገር ግን በሽንኩርት መደብ ላይ አያልቅም። እኔን ሲሰድቡኝ ሰው ሞልቶ ነበር።»

«ገባኝ።»

«ገባኝ ማለት ቀላል ነው። ብላ።»

በሚያዝያ መግቢያ ጀመሩ። ሻጩ በቀጠሮው መጥቶ ቆርቆሮውን ይዞ ተመልሶ ነበር። የረጠበውን ምንጣፍ ገፈው ጣሉ። ምሰሶው የቆመበትንና ውሃው የሄደበትን ሶሌታ ሰብረው የዛገውን ፌሮ ቀየሩ፤ ኮንክሪት ሞሉ። ለኮንክሪቱ ማቀፊያ የሚሆነውን እንጨት እኔ አቀረብኩ፤ ማንም ጠርቶኝ አይደለም። የወንድሞቹ ልጆች ሽበት የጀመራቸው ሰዎች ናቸው፤ በጋዝ እሳት ምንጣፉን እያቀለጡ ይዘረጋሉ። ሂልሚ ጉልበቱ ላይ ጨርቅ አስሮ ከኋላቸው ይድኻል። መጋጠሚያውን ሁሉ በማንኪያ ጀርባ እየተጫነ ይፈትሻል። አንዱ ምንጣፍ ሌላውን አንድ ስንዝር ካልደረበው ያስነሣል።

«አጎቴ፣ ለሱልጣን ቤተ መንግሥት ነው እንዴ?» አለው አንዱ።

«ለአይብ ነው። ሱልጣን ቢረጥብ ይደርቃል።»

ከላይ ያለው ንጣፍ ሲያልቅ ሂልሚ የውሃ መውረጃዎቹን ሁሉ በጨርቅ ደፈነ። በቱቦ ውሃ ለቀቅን። ጣሪያው ኩሬ ሆነ፤ አንድ ዳክዬ ወጥታ ዋኘችበት። ሁለት ቀን እንዲቆይ አዘዘ። ከታች ኔደልያ ኮርኒሱን አሳድሳ በኖራ ነጭ አስቀብታው ነበር፤ ጠብታ እርጥበት ቢገባው ይታያል። ወለሉ ላይ ጋዜጣ ዘረጋች። በየሰዓቱ ትገባለች፤ ቀና ትላለች፤ ትወጣለች።

በሁለተኛው ቀን ማምሻ ሦስታችንም አብረን ገባን። ጋዜጣው ደረቅ ነበር። ኮርኒሱ ነጭ ነበር። ሂልሚ በመጥረጊያ እንጨት ጥግ ጥጉን መታ መታ አድርጎ ሰማው። ኔደልያ ባዶ የአይብ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ታለቅሳለች ብዬ ወጣ ልል ስል ከሽርጡ ሥር ስትስቅ ሰማኋት።

«ባልዲዎቹን ምን ላድርጋቸው?» አለች። «ሃያ ሁለት ባልዲ አለኝ።»

«አበባ ትከይባቸው» አለ ሂልሚ።

ተቆጣጣሪው መጥቶ ግድግዳውን በመሣሪያው ለካ። ወረቀቱን ከበሩ ላይ ራሱ ቀደደው። ከመጋቢት ጀምሮ ያላገኘሁትን እንቅልፍ የዚያን ቀን አገኘሁ። ጎረቤቶች ሸሚዝ ይዘው ሲመጡ አናጢው እኔ ስለሆንኩ ሁሉም እኔን እያዩ «ምሰሶውስ?» አሉ። ግቢው ውስጥ በሁለት የፖም ዛፍ መካከል ገመድ ወጠርን። ሂልሚ መሬት ላይ ቆሞ መረቀ። የጎረቤቱን ሁሉ ስም ጠራ፤ የእኔ ሸሚዝ ጋ ሲደርስ ግን ስሜን ሳይጠራ አልፎት ወደሚቀጥለው ሄደ።

በሰው ፊት ያልተናገርኩት እንደቀረኝ ገባኝ።

ጊዮርጊስ ጠዋት እረኞቹ በየመኪናቸውና በየበቅሏቸው የወተት ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው መጡ። አርባ ሦስቱም መጡ፤ አንድም ወደ ቆላ የወረደ የለም። ከገበያው ሰው ተጨመረ። በበሩ ላይ ለምለም ቅጠል ተሰቅሏል። ኔደልያ የመጀመሪያውን ወተት ለመለካት መለኪያውን አነሣች። ሂልሚ ከሻዚዬ ጋር ግድግዳው ሥር ቆሟል። እኔን አላየኝም፤ ሰማዩን ነው የሚያየው።

ቆቤን አወለቅኩ።

«ከመለካቱ በፊት አንድ ነገር ልናገር» አልኩ። «ይኼ ጣሪያ ሠላሳ ዓመት ያፈሰሰው በእኔ ነው። ለሸሚዝ ብዬ ምሰሶ ያቆምኩበት እኔ ነኝ። የሂልሚ ሥራ አንድ ቀን አላፈሰሰም። ቫርባን ሲሰድበው እዚያው ቆሜ ነበር፤ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ወንፊቱ እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። አንድ ማንቆርቆሪያ ተንቀጫቀጨ። ከፊት የቆሙ ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ሂልሚ ዞረው ቆባቸውን አወለቁ።

ሂልሚ ሰማዩን ትቶ ወደ እኔ አየ። ከዚያ አንገቱን አስግጎ እስከ መንገዱ ድረስ የተሰለፈውን ሕዝብ ተመለከተ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለ። «ድገመው።»

ደገምኩት።